የደሴቲቱ መብራት የጠፋበት ሌሊት

በሁለት ሺህ አስር ገደማ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖርኩ አሌክሳንድርያ፣ ላንድማርክ አካባቢ፣ አንዲት ሴት አዛውንት እንከባከብ ነበር። ኤጀንሲው ሲልከኝ ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት እንደቀራቸው፣ ዐይናቸው እንደደከመና አማርኛ የሚችል ሰው እንደሚፈልጉ ብቻ ነገረኝ። የሚኖሩት ከአንድ ልጃቸው ጋር ነው። እሷ ሆስፒታል ትሠራለች፤ ጠዋት ስገባ ትወጣለች፣ አመሻሽ ላይ ስትመለስ እኔ እወጣለሁ።

ልጅቷ ገና በመጀመሪያው ሳምንት የአያቷን፣ የእናቷን አባት፣ ታሪክ ነገረችኝ። በጣልያን ዘመን ከምጽዋ ወዲያ ባሉት ደሴቶች፣ መርከቦች ከውሃ በታች ካለው ድንጋይ እንዳይጋጩ፣ አዳዲስ የመብራት ማማዎች ይቆሙ ነበር። አያቷ ከደጋ ወርደው የአንዱን ማማ ድንጋይ ተሸከሙ፤ ሲያልቅም መብራት ጠባቂ ሆነው እዚያው ቀሩ። አንድ ሌሊት ግን የጣልያንን መርከብ ለመስበር መብራቱን አጠፉት፣ ታስረውም ሞቱ። ይህን ጽፋ በእናቷ ዘጠናኛ ልደት ላይ ልታነበው ነው። እናትየው ሲወራ ይሰማሉ፣ ትንፍሽ አይሉም።

አንድ ቀን ጽሑፉን ሰጠችኝና ለእናቷ እንዳነብላቸው፣ የሚታረም ካለም እንድጠይቃቸው ነግራኝ ወጣች። ምሳ ካበላኋቸው በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። "ጀግናው አያቴ" የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን ወረቀቱ ላይ ጫኑት።

"ተዪው ልጄ" አሉኝ። "መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። ደሴቲቱ ላይ ዛፍም ጉድጓድም የለም፤ የሚጠጣው ውሃ በየሳምንቱ በበርሜል ከምጽዋ በጀልባ ይመጣል። የማማው አለቃ የነበረው ጣልያን ታሞ ወደ ምጽዋ ሲሻገር አባታቸው ከቤተሰባቸው ጋር ብቻቸውን ቀሩ። በዚያ ሳምንት ጀልባዋ አልመጣችም። በሚቀጥለውም አልመጣችም። ለሌላ ሥራ ተልካ እንደነበር የሰሙት በኋላ ነው። የእናታቸው ጡት ደረቀ፤ ሕፃኑ ወንድማቸው መጀመሪያ አለቀሰ፣ ከዚያ ማልቀሱንም ተወ።

አባታቸው መብራቱ አንድ ሌሊት ቢጠፋ ምጽዋ ያሉት አይተው ጠዋት እንደሚደርሱ ያውቃሉ። ያቺ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንግዲያው አጥፋው ብላ ለመነቻቸው። ባሕር ላይ ሰው አለ ብለው እንቢ አሉ። በጥም ደክመው እንቅልፍ ሲጥላቸው እሷ በእጅና በጉልበቷ ደረጃውን ወጣችና የመብራቱን የጋዝ መዝጊያ ጠምዝዛ ዘጋችው።

ጠዋት የመንግሥት ጀልባ ውሃ ይዞ መጣ። በዚያው ሌሊት ግን ሳምቡክ የሚሉት የዓሣ አጥማጆች የሸራ ጀልባ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ተሰብሮ ነበር። ውሃ ያመጡት ሰዎች ሬሳዎቹን አሸዋው ላይ ደረደሯቸው። ማን አጠፋው ተብሎ ሲጠየቅ አባትየው እኔ ነኝ አሉ። ወሰዷቸው፤ ከእስር ቤት አልተመለሱም። ሕፃኑም ከውሃው በኋላ ሁለት ቀን ነው የቆየው።

"ለውሃ ነው" አሉኝ እማማ። "ጣልያን የሚባል ነገር ሐሳቤም ውስጥ አልነበረ። እነዚያ ድሆች ሞተውብኝ አርበኛ ስባል አልወድም።"

ለልጃቸው ሊነግሯት ብዙ ጊዜ ሞክረው አፋቸው እምቢ እንዳላቸው አጫውተውኝ፣ እኔ እንድነግርላቸው ለመኑኝ። አራት ቀን አመነታሁ። በአምስተኛው፣ ኮቴን ለብሼ በሩ ጋ ቆሜ፣ ነገርኳት። ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ።

"እማዬ ትናንት የበላችውን እንኳ አታስታውስም" አለች። ይሄን ግን ያስታውሳሉ አልኳት። "አንቺ የመጣሽው ልታጥቢያት ነው" አለችኝና በሩን ከፈተችልኝ።

በማግስቱ ኤጀንሲው ኮል አደረገልኝ፤ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ተመድቧል። እማማን አልተሰናበትኳቸውም። ሰው በገዛ ቤቱ ያልቻለውን እኔ ምን አገባኝ እያልኩ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ።

ልደታቸው ሳይደርስ አረፉ። ለቅሶ ቤት ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ስለ ሟቿ አባት አርበኝነት ይናገሩ ጀመር። ልጅቷ ከፊት ተነሥታ በሰዎቹ መሃል አልፋ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ልታስወጣኝ መስሎኝ ነበር።

"እማዬ አይታቸዋለች? የሞቱትን ሰዎች?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"አይተዋቸዋል። ሰባት ነበሩ አሉኝ።"

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ሽማግሌው ንግግራቸውን እስኪጨርሱ ከጎኔ አልተነሣችም፤ አላቋረጠቻቸውምም። ሰኞ ቤልትስቪል ሌላ ቤት ሥራ ጀመርኩ።