አባቴ የገጠመው ኮምፒዩተር

ለቤቴ ልገጥመው ያሰብኩትን አዲስ ኮምፒዩተር ክፍሎች ስመርጥ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ማዘርቦርዱንም ሚሞሪውንም ብዙ ሳልጨነቅ ለየሁ፤ የቀረኝ ኤሌክትሪኩን ተቀብሎ ለሌሎቹ የሚያከፋፍለው የብረት ሣጥን፣ ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ካለ ሱቅ ገብቼ አንዱን ሣጥን አንስቼ ጀርባውን ሳይ፣ አስቀምጬ የሌላውን ጀርባ ሳይ፣ ሻጩ መጥቶ ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ። "ምንም" አልኩት። የምፈልገው የዛሬዎቹ ሣጥኖች ላይ የሌለ ትንሽ ቀይ የቮልት መቀየሪያ ነበር፤ አለመኖሩን እያየሁ እንኳ ሌላ ሣጥን አነሳሁ።

መቀየሪያውን ያወቅሁት በአስር ዓመቴ ነው። አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት እንኖር ነበር፤ አባዬ የሆቴል ፓርኪንግ ይሠራል። አዲስ አበባ እያለ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ እዚህ ግን የተበላሸ ሁሉ ስለሚጣል ካቻቢቴዎቹ በጨርቅ ተጠቅልለው አልጋ ሥር ከረሙ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ልጆች ቤታቸው ኮምፒዩተር ቢኖራቸው ይመረጣል የሚል ወረቀት ይዤ መጥቼ ሳነብለት ፊቱ በራ። "የተገጠመ አንገዛም፤ እኔ እገጥመዋለሁ" አለ።

ዕቃውን የመረጥነው አብረን ነው። ሻጩ ስለ ፍጥነት ሲያስረዳ እኔ እየተንተባተብኩ አስተረጉማለሁ፤ አባዬ ደግሞ እያንዳንዱን ክፍል እንደ ሐብሐብ በመዳፉ ይመዝናል፣ ተቃጥሎ የተጠገነ እንዳይሆን አፍንጫውን አስጠግቶ ያሸታል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የገጣጠመ ዕለት የታክሲ ሾፌር ጓደኛው ጋሽ ተክሌ ሊያዩ መጡና ሶፋው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ።

"ስማ፣ ይሄ እኮ ሬዲዮ አይደለም። ብታፈነዳው አፓርትመንቱ በሙሉ ነው የሚከስህ" አሉ።

"ዝም ብለህ እይ፤ ምናልባት ሙያ ትማራለህ" አለ አባዬ።

በቤታችን የእንግሊዝኛ ወረቀት የማነበው እኔ ነበርኩ፤ የኪራይ ውሉንም፣ የመድኃኒቱንም። የዚያን ቀንም መመሪያውን በየተራ፣ ሲነሳ አንዴ ከጮኸ ሁሉም ደህና ነው እስከሚለው ድረስ፣ እያነበብኩለት ሁሉንም ክፍል ከቦታው አስገባ። በመጨረሻ ሣጥኑን አዞረና፣ እኔን ሳይጠይቅ፣ ቀዩን መቀየሪያ በአውራ ጣቱ ጥፍር ገፍቶ ወደ ሁለት መቶ ሠላሳ ቮልት አሻገረው። ከውጭ የመጣ ዕቃ አዲስ አበባ ሱቁ ሲገባ ለዓመታት መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንን ነበር፤ የረሳ ሰው ጭስ ያያል ይል ነበር። አገር መቀየሩን ጭንቅላቱ ሳያስታውስ እጁ ቀደመ። እጄ ላይ ያለው ወረቀት ለአሜሪካ መቶ አስራ አምስት ይላል። አንብቤዋለሁ። አፌን ከፈትኩ፤ ጋሽ ተክሌ ይስቃሉ። በእንግዳ ፊት አባቷን የምታርም ልጅ መሆን አስፈራኝ፣ ተሳስቼ አንብቤ ቤቱ ቢጨስስ የሚለውም አስፈራኝ። አፌን ዘጋሁ።

ሰካው፣ ማስነሻውን ተጫነው። ምንም። ፈትቶ ገጠመው፣ ደግሞ ተጫነው። ጋሽ ተክሌ ቀልዳቸውን አቆሙ።

"እጄ ሞቷል ማለት ነው" አለ አባዬ፣ ቀስ ብሎ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት ማንም አልነበረም። መቀየሪያውን በእርሳስ ጫፍ ወደ መቶ አስራ አምስት ገፋሁት፤ ከዚያ ገላዬን ወደ በሩ አሽሽቼ፣ ክንዴን ዘርግቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ተጫንኩ። ማራገቢያው ዞረ፣ አንድ አጭር ድምፅ ጮኸ፤ ለካ ኤሌክትሪኩ አንሶት ነው። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ፊደላት መጡ። መደሰት ሲገባኝ፣ ይሄ ከሠራ አባዬ የተሳሳተው ከማንም በላይ አውቃለሁ በሚለው ነገር መሆኑን ያውቃል ብዬ ፈራሁ። አጠፋሁት፣ መቀየሪያውን እሱ ወደተወው ቦታ መለስኩና የቤት ሥራዬን መሥራት ጀመርኩ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አባዬ ኮምፒዩተሩን ከነካቻቢቴዎቹ ታቅፎ ወደ ቆሻሻ መጣያው ወረደ። በሩን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አምፖል ሲቃጠል እንኳ የሕንፃው ጠጋኞች እንዲመጡ "ሜንተናንስ ኮል አድርጊ" ይላል እንጂ ወንበር ላይ አይወጣም።

ትናንት ቤቱ ሄጄ "አባዬ፣ ኮምፒዩተር ልገጥም ነው፤ መጥተህ አግዘኝ" አልኩት።

"የኔ እጅ ለዚያ አይሆንም። አይተሽ የለ።"

"ያኔ የገጠምከው ተነስቶ ነበር" አልኩ፤ ምንጣፉን ምንጣፉን እያየሁ ሁሉንም ነገርኩት።

ወደ እኔ ዞረ።

"ስትጫኚው ጮኸ?"

"አንዴ። አጭር ድምፅ።"

"አንዴ ከጮኸ ሁሉም በትክክል ተገጥሟል ማለት ነው" አለ።

ያን ሁሉ ዓመት የፈራሁት ቁጣ አልመጣም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ መዳፋቸውን ያያል፣ ገልብጦ ጀርባቸውን ያያል። ያቺን ድምፅ ሊሰማ ስንት ቀን ደክሞ የሰማኋት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላ ሰው ሊሰማት የሚችልበት ኮምፒዩተርም የለም።