ሰው የሌለበት ኮርቻ

ኦማን አገር፣ ሲብ ከተማ ውስጥ የምሠራበት ቤት ለባሕሩ ቅርብ ነው። በየማለዳው የማዳሜን እናት በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ወደ አሸዋው አወጣቸዋለሁ። ጉልበታቸው ቢደክምም ምላሳቸው አልደከመም፤ ትንሽ ቀስ ካልኩ «ያላ!» ነው። እኔም በአማርኛ የልቤን እናገራለሁ፤ ደግነቱ አይገባቸውም።

ያን ሰሞን ከባሕሩ ማዶ ጦርነት፣ አገሬም ጦርነት ነበር። የወንድሜ ድምፅ ከጠፋብኝ ሰንብቷል። ጓደኞቼ «ኔትወርክ ነው፣ አይዞሽ» ይሉኛል። አይዞሽ ማለት ምን ይከብዳል!

ባሕሩ ዳር ፈረሰኛ ወታደሮች ይለማመዱ ነበር። ፈረሶቹ እንዳይበረግጉ በድምፅ ማጉያ ተኩስ ያሰሟቸዋል፣ ቆርቆሮ ይቀጠቅጡባቸዋል፣ ጨርቅ ያራግቡባቸዋል። መጀመሪያ ሰሞን ፈረሶቹ አሸዋውን እየበተኑ ይሸሹ ነበር። በኋላ ግን ዝም አሉ። ያ ሁሉ ተኩስ እየተንጣጣ ጆሯቸው እንኳ አይነቃነቅም። እኔን ያስፈራኝ ይሄ ዝምታቸው ነው።

አንድ ቀን ማለዳ፣ ጭጋግ ወርዶ ሳለ፣ ተኩሱ ቆመ። ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ወታደር በእግሩ ፈረስ እየሳበ ብቅ አለ። ኮርቻው ላይ ሰው የለም፤ የወንድ ጃኬት ብቻ ተደርጎበታል። እኛ አገር ፈረሰኛ ሲሞት እንዲህ ነው፤ ፈረሱ ተጭኖ፣ የሟች ልብስ ኮርቻው ላይ ሆኖ፣ በለቀስተኛው መሃል ይሳባል። ወንድሜ ደግሞ ፈረሰኛ ነው።

«ወንድሜን! ወንድሜን!» ወንበሩን ለቅቄ ደረቴን ደቃሁ፣ አሸዋው ላይ ተንከባለልኩ። ወታደሩ ክው ብሎ ቀረ። ለካ ፈረሱን የሚውለበለብ ልብስ እያስለመደው ኖሯል! ፈረሱ ግን እኔ ያን ያህል ስጮህ ቁልቁል እያየኝ ዝም። አሮጊቷ «ኻላስ፣ ኻላስ»፣ በቃሽ፣ እያሉ እጄን ያዙኝ።

በሳምንቱ ወንድሜ ደወለ። ተመስገን! ይስቃል ብዬ እንዴት እንዳለቀስኩለት ነገርኩት። አልሳቀም። እሱም ከፈረሰኞች ጋር ሲሰለጥን ነው የከረመው፤ የደወለው ሊሰናበተኝ ነበር። «ነገ ወደ ግንባር እንወጣለን፤ እማዬን አደራ» አለኝ።

ላለቅስ ፈለግኩ፤ ለምኜ ላስቀረው ፈለግኩ። እኔም እንደዚያ ፈረስ ለምጄ ኖሮ፣ እንባዬ እምቢ አለኝ። «እሺ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም፤ ያንን «እሺ» ነው ይዞ የሄደው።