ከጊንዳዕ እስከ አስመራ፣ ስለ ዘሃራ ዐይን

ንጋት 11 ሰዓት፣ ጊንዳዕ። ነጻነት ከገባ ሁለተኛው ዓመት ነው። ልጄን ዘሃራን ደግፌ አውቶቡስ ላይ አወጣኋት። እግሯ ከከዳት አራት ወር ሆነ። አንድ ሳምንት ይሻላታል፣ በሌላው ትወድቃለች። ጎረቤት «አስመስላ ነው» ይላል። ከጣልያን አገር የተመለሰ ሐኪም አስመራ አለ ቢሉኝ ተነሣን።

1 ሰዓት፣ ነፋሲት። ሻሂና ዳቦ። ከዚያ ወዲያ መጠምዘዣ ብቻ፤ ጉሙ ማኪናውን ዋጠው። ፈርቼ የሾፌሩን ወንበር ከኋላ ጨበጥኩ።

«አቦይ፣ ወንበሬን ይልቀቁት» አለ ሾፌሩ። «እኔም ልጆች አሉኝ፤ ገደል አልገባም።»

ቤት ጊዮርጊስ ስንደርስ ጉሙ ከበታች ቀረ፤ ፀሐይ ወጣ።

3 ሰዓት ተኩል፣ ሐኪሙ ዘንድ። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒዩተር አለ። ጥያቄውን ከሱ እያነበበ ይጠይቃል።

«ለሁሉም በሽተኛ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው አቦይ። ሮማ ያለውም ይህንኑ ይጠየቃል፤ አለዚያ ማነጻጸር አይቻልም። ከዚህ በፊት ዐይኗን አሟት ያውቃል?»

«የለም» አልኩ፣ እሷ አፏን ሳትከፍት። ዘሃራ አቀረቀረች።

ዋሸሁ። በጦርነቱ ጊዜ ግራ ዐይኗ ወር ሙሉ ጠፍቶ ተመልሷል። ማን ያገባታል ብዬ፣ ለሰው እንዳትናገር የከለከልኳት እኔ ነኝ።

«እንግዲያው የሕመሟን ስም ልነግራችሁ አልችልም» አለ ሐኪሙ። «የምጠረጥረው ሕመም በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ የሰውነት ክፍል ካልመጣ አይታወቅም።» ኮምፒዩተሩን ወደኔ አዞረው። ባሕር ማዶ ያሉ የሌሎች በሽተኞች ታሪክ ነው፤ የሰው ስም የለበትም፣ ቁጥር ብቻ። በጣቱ እየተከተለ አነበበልኝ። «ይህ ሰውዬ፣ መጀመሪያ እጁ ደነዘዘ፣ ቆይቶ ዐይኑ። ይህች ሴት፣ ግራ ዐይኗ ለአንድ ወር ጠፍቶ ተመለሰ፤ ከዓመታት በኋላ እግሯ።»

እኔ ጊንዳዕ በር ዘግቼ የደበቅኩትን፣ ባሕር ማዶ ያለች የማላውቃት ሴት አስጽፋዋለች!

«ይህች ሴት አባት አላት?» አልኩት።

«ኮምፒዩተሩ እሱን የሚጠይቅ ቦታ የለውም አቦይ» ብሎ ሳቀ።

«እንግዲያው ጻፍ። ግራ ዐይኗ። ምጽዋ ከመያዟ ሁለት ዓመት በፊት።»

«ሦስት ነው አባዬ» አለች ዘሃራ። «ሳላይ የቆየሁት እኔ ነኝ።»

ሐኪሙ ሦስት ብሎ ጻፈ። ጉልበቷን በትንሽ መዶሻ መታ፣ በመስመር ላይ አስኬዳት፣ ዐይኗን በመብራት አየ። ከዚያ ስሙን ነገረን፤ መልቲፕል ስክለሮሲስ። የነርቭ ሽፋን ይላጣል አለ፣ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ። ፈጽሞ የሚያድነው አልተገኘም፤ ሲነሣባት የሚያበርድላት መድኃኒት ግን አለ።

«አስመስላ ነው?» አልኩ።

«ኣይፋልን! በጭራሽ!»

«የቐንየለይ» ብዬ አመሰገንኩት፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

9 ሰዓት፣ የመልስ አውቶቡስ። ከጎናችን የተቀመጠች ሴት «ልጅዎ ምን ሆና ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እሷን ጠይቂያት።»

ዘሃራ ከዐይኗ ጀመረች። ነፋሲት ስንደርስም አልጨረሰችም።