ሊዲያ የማትገባበት ክፍል

የካቲት ነው፣ ማክሰኞ። ልጄ ሊዲያ ስድስተኛ ክፍል ደርሳለች፤ የሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ግን በቅጡ አታነብም። እዚህ ካናዳ፣ በምንኖርባት በካልጋሪ ሌላኛው ጫፍ፣ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ማንበብ ለሚከብዳቸው ልጆች ልዩ ክፍል እንዳለ የሰማሁት ባለፈው ሳምንት ነው። ዛሬ የተነሣሁት እዚያ ቦታ ልለምንላት ነው። መኪናውን ባለቤቴ ለሥራ ወስዳዋለችና ከሰፈራችን ከኮርነርስቶን በአውቶቡስ ወጣሁ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል

ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት ነው። አውቶቡሱ ሩብ ሰዓት ዘግይቶ መጣ። በመስኮቱ አዳዲሶቹን ቤቶች እያየሁ የሊዲያን ክፍል አሰብኩ። ሠላሳ ሁለት ልጆች ናቸው። ያለቻቸው አንዲት ረዳት ስትሆን እሷንም ሦስት ክፍሎች ይጋሯታል። ረዳቷ የምትሮጠው ወንበር ወደሚወረውረው ልጅ ነው። የኔዋ አትወረውርም፤ ፀባየኛ ናት። ስለዚህ ማንም ዞር ብሎ ሳያያት ከክፍል ክፍል አሳለፏት። በየሪፖርት ካርዱ «ደስ የምትል ልጅ» ተብሎ ይጻፍልኛል። ደስ ማለት የትምህርት ዓይነት መሆኑን አላውቅም ነበር።

ማርልቦሮ ጣቢያ

ባቡር ከያዝኩ በኋላ ማርልቦሮ ላይ እትዬ ዘነበች ገቡ። አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የምንሳለመው። የልጅ ልጃቸው ሶስና ከሊዲያ ጋር ሰንበት ትምህርት ቤት ትማራለች። ተነሥቼ አስቀመጥኳቸው።

«በዚህ ብርድ ወዴት ነው?» አሉኝ።

«ኢንተርቪው አለኝ፣ እትዬ።»

«እሰይ፣ ይቅናህ። ሊዲያስ? ትምህርት እንዴት ነው?»

«ጎበዝ ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሶስናስ?»

«ፕራይቬት ገብታለች እኮ። ተመስገን ነው።»

ቀናሁ። እሳቸው ዳውንታውን ወረዱ፤ እኔ ወደ ደቡብ የሚሄደውን ባቡር ያዝኩ፣ ከዚያም ሌላ አውቶቡስ።

ሦስት ሰዓት ከሩብ

ትምህርት ቤቱ ያረጀ ነው፤ ኮሪደሩ እርጥብ ጓንትና ቦት ጫማ ይሸታል። የክፍሉ አስተማሪ ግባና እይ አለችኝ። ልጆቹ አሥር ናቸው፣ አስተማሪዎቹ ሁለት። አንዲት ልጅ አሸዋ በተነጠፈበት ትሪ ላይ ፊደል በጣቷ እየጻፈች ድምፁን ታወጣለች። ከዚያ መጽሐፍ ገልጣ አንድ ገጽ ሙሉ፣ ቀስ ብላ፣ ሳትዘል አነበበች። ስትጨርስ ቀና አለች። ሶስና ናት።

«ጋሼ! ሊዲያም መጣች?»

«ገና ነች» አልኳት። የእትዬ ዘነበች ፕራይቬት ይኸው ነበር። ልናደድባቸው ሞከርኩ፣ ግን እኔም የዋሸኋቸው ዛሬ ጠዋት ነው።

ቢሮ ውስጥ እስከ ከሰዓት በኋላ ካስጠበቁኝ በኋላ ምዝገባ የምትሠራው ሴት ከትምህርት ቤቷ ያስላከችውን የሊዲያን ፋይል ከፈተች።

«ሦስተኛ ክፍል ሳለች አስተማሪዋ እንድትመረመር ጠይቃ ነበር። ቤተሰቡ አልፈቀደም ይላል።»

ከሥሩ ያለው የእምቢታ ፊርማ የኔ ነው። አልረሳሁትም። ያን ቀን ባለቤቴ እንፍቀድ ብትለኝ «ልጄ ላይ ስም አይለጠፍባትም» ብዬ ጮኼባታለሁ። የፈራሁት ስሙን አልነበረም። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል ብዬ ነው።

«እሺ እኔ አጠፋሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳታነብ እያያችሁ እንዴት አንድ ሰው እንደገና አይጠይቀኝም?»

«እምቢ ብለው ነበር» አለች በትሕትና። «አሁን ተመርምራ ተራ ብትይዝም ተራው ከመድረሱ በፊት ስድስተኛን ትጨርሳለች። ይህ ክፍል ደግሞ በስድስተኛ ያበቃል። አዝናለሁ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ እዚህ ግን ደባቂው እኔ ብቻ አልነበርኩም። እምቢታዬ ለትምህርት ቤቱ ተመችቶታል። እነሱ ከሥራቸው አንድ ልጅ ቀነሱ፣ እኔ ስሜን አዳንኩ፤ በመሃል ልጅቷ ቀረች።

አሥር ሰዓት፣ ቤት

በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ራንድል ጣቢያ ላይ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ተማሪዎች እየተሳሳቁ ሲገቡ መስኮት መስኮቱን አየሁ። ሊዲያን በር ላይ አገኘኋት፤ እሷም መግባቷ ነበር። ዛሬስ አልዋሽም አልኩ።

«ሊዱ፣ ማንበብ በደንብ የሚያስተምሩበት ክፍል ሄጄ ነበር። ላንቺ ብዬ። ግን ዘግይተናል፣ አይቀበሉሽም።»

«ሶስና ያለችበት?»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ነግራኛለች። ላይክ፣ ግሬድ ፎር እያለን። በጣም ሄልፕ ያደርጋል አለችኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ጎንበስ ብላ የቦት ጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች።

«አንተ እንዳታፍር ብዬ ነዋ።»

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይኼን ነው። ልጄ የኔን እፍረት ሁለት ዓመት ተሸክማለች፤ እኔ ደግሞ ዝምታዋን ጨዋነት ነው እያልኩ ለሰው ሳወራ ኖሬአለሁ።