ዘፋኝ የሌለበት ካሴት

ንገሪን ያሉኝ ልጆቹ ናቸው። የልጅ ልጄ በስልኩ ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ከፍቶ ሲዘፍንበት ሰማሁና፣ "ይሄን ንግድ እኮ ጅማ ላይ እኔ ጀምሬው ነበር። ታስሬበታለሁም" አልኩት።

"አያቴ ደግሞ፣ በዘፈን ይታሰራል?" ብለው ሳቁብኝ።

"በዘፈኑ አይደለም፣ ዘፋኙ ስለሌለበት ነው" ስላቸው ስልኩን ዘግተው ጠጋ አሉ።

የቀበሌ ሰዎች ያስገቡኝ የቡና መጋዘን ውስጥ ነው። ከነጋዴ የተወረሰ ነበር፤ መስኮት የለውም፣ ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው ቀዳዳ ነው። የጀንፈሉ፣ ያልተፈለፈለው ቡና አቧራ ጉሮሮ ይይዛል፤ ሃያ የምንሆን ሴቶች ቀኑን ሙሉ ስንስል እንውላለን። የስምንት ወር ልጄን ከጡቴ ነጥለው ነበር ያመጡኝ። ሙስሊሟ ጎረቤቴ ተቀብላ አቀፈቻትና፣ "ሂጂ፣ እኔ ጋ ናት። አላህ አለ" አለችኝ።

ያኔ ክርና መርፌ እሸጥ ነበር። ሰቃ፣ አሰንዳቦ፣ ደዶ፣ ገበያ ካለበት አልጠፋም፤ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። የትም ስሄድ ሠርጉ ጭር ብሎ አያለሁ። ክራር የሚመታውም ከበሮ የሚመታውም ለቀበሌ ኪነት ቡድን ተወስዶ አልቋል። አንድ ክራር መቺ ግን አውቃለሁ፣ ወንድሙ ታስሮ ከተወሰደ ወዲህ ሰው ፊት የማይቀመጥ። በገበያ ቀን ቤቴ እየመጣ ይመታል፣ እኔ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅዬ በቴፕ እቀዳለሁ። ከዚያ ቴፑን ከነካሴቱ አከራያለሁ፤ ዘፈኑን ባለሠርጎቹ በየቋንቋቸው ይዘፍኑበታል። አማራው፣ ኦሮሞው፣ ዳውሮው ያንኑ ካሴት ነው የሚወስደው። ፊደል ስለማላውቅ ካሴቶቹን የምለያቸው ክር እያሰርኩ ነበር፣ ቢጫው ለሙሽራ መግቢያ፣ አረንጓዴው ለመሸኛ። (ፊደሉን ኋላ በመሠረተ ትምህርት ለቃቀምኩት።) ክራር መቺው ሲጀምር የክራሩን እንጨት ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፣ ግቡ፣ ዝፈኑ ማለቱ ነው። ከዚያ ትንሽ ይጠብቃል፤ ሰው ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚገባው፣ ሙሽራ ደግሞ ይብሳል።

በመጀመሪያው ቀን መርማሪው ቴፔን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጠበቀኝ።

"ዘፋኙን ለምን አጠፋሽው?"

"አልነበረበትም ጓድ።"

"ዘፋኝ የሌለው ዘፈን የት አለ?"

"ዘፋኙ የተከራየው ሰው ነው።"

"ይሄ ሦስቴ የሚያንኳኳውስ?"

"ግቡ ማለቱ ነው።"

"ማነው እሱ?"

እዚህ ላይ ዓይኔን ወደ ቴፑ መለስኩ። መርማሪው ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ "የክራር መቺውን ስምና ያለበትን ንገሪኝ። ከቀትር በፊት ልጅሽ ጋ ትደርሻለሽ" አለ።

ለምን እንደሚፈልገው አልጠየቅሁም። በዚያ ዘመን ይፈለጋል የተባለ ሰው ለምን ተፈለገ ተብሎ አይጠየቅም። ወንድሙም ተፈልጎ ነበር፣ አልተመለሰም።

በሦስተኛው ቀን ጡቴ እንደ ድንጋይ ሆነ። ጥግ ሄጄ ወተቱን አቧራው ላይ አልበው ነበር። ከጎኔ የምትተኛ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ነበረች፣ ከሩቅ አገር የመጣች። ነጠላዋን ቀድዳ ደረቴን ጠፍራ አሰረችልኝ።

"ልናገር ነው" አልኳት በጆሮዋ። "ልጄ ትሞትብኛለች።"

እሷም ስም እየተጠየቀች ነበር። ተናገሪም አላለችኝ፣ አትናገሪም አላለችኝ። "ጀባዱ፣ በርቺ" ብቻ አለችኝ፤ ከኦሮምኛ የምታውቃት ያቺኑ ነበር።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ጠባቂው በሩን ከፍቶ ስሟን ጠራ። "ዕቃሽን ያዢ።" ዕቃሽን ያዢ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ወረቀት ረስቶ ኖሮ ሊያመጣ ሄደ። ልጅቱ ፀጉሯን ስታስር ቆየችና ወደኔ ዞረች።

"እህቴ፣ ያን የነገርሽኝን ካሴትሽን ለሠርጌ እከራየው ነበር። እስቲ አሁን አሰሚኝ።"

ከመሬቱ ስንጥቅ የቡና ፍሬ ለቅሜ ጣሳ ውስጥ ጨመርኩ። ሦስት ጊዜ አንኳኳሁና ጣሳውን ማንኮሻኮሽ ጀመርኩ፣ ዜማውንም በአፌ አልኩላት። እንደ ሙሽሮቹ ሁሉ ዘግይታ ገባች። ስለ እናቷ ደጃፍ ነበር የዘፈነችው፣ ከራሷ አውጥታ። ሌሎቹ ሳላቸውን ዋጡ። ጠባቂው ወረቀቱን ይዞ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ፤ እስክትጨርስ አልተናገረም።

ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

በነጋታው መርማሪው አስጠራኝ። ቢጫው ካሴት ተከፍቶ ነበር።

"ማነው የሚመታው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ሳቀ። ሰው ልኮ አዲስ ክራር አስመጣና ጭኔ ላይ ጣለው፤ እንጨቱ ላይ ቀይ ኮከብ ተስሎበታል።

"ምቺዋ።"

ክራር በሕይወቴ መትቼ አላውቅም። አቀፍኩት፣ ልጄን እንደማቅፍ። እንጨቱን ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ፣ ልክ እንደ ካሴቱ። ከዚያ እጄን አሳርፌ አየሁት።

"ምን ትጠብቂያለሽ?"

"እርስዎን ነዋ። ይግቡ እንጂ ጓድ፣ ተራው የዘፋኝ ነው።"

በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ሳቁ አምልጦት በሳል አለባበሰው።

ከዚያ የሆነውን ለልጆቹ አልነገርኳቸውም፣ እዚህም አልጽፈውም። እስከ ዛሬ ጫማ የምገዛው ከእግሬ አንድ ቁጥር አስበልጬ ነው። ወተቴ በዚያው ሳምንት ደረቀ። ከስምንት ወር በኋላ ስወጣ ልጄ ቆማ ትሄዳለች። እኔን ስታይ ጎረቤቴን "እማ" ብላ ቀሚሷ ውስጥ ተደበቀች።

ቴፑን አልመለሱልኝም፣ ንግዱም በዚያው ቀረ። ክራር መቺው በጤና ኖሮ አልጋው ላይ ሞተ፣ ክራር ግን ዳግመኛ አልነካም። እኔ አሁንም በስልክ እንዲያ ያለ ባዶ ሙዚቃ ስሰማ የምጠብቀው ያችን የኮሌጅ ልጅ ነው፤ ዘግይታ የምትገባ ይመስለኛል።

መንግሥት ከተለወጠ ከብዙ ዓመት በኋላ አሰንዳቦ ላይ መኪና ስጠብቅ የዚያን ጊዜው የቀበሌያችን ጸሐፊ አወቀኝ። እሱም ሸምግሏል፤ ጥላውን ዘርግቶ አስጠለለኝ።

"ይቅር ይበሉን እማማ" አለኝ። "ያን ክራር መቺ እኮ የፈለግነው ለኪነት ቡድኑ ነበር። የአብዮቱ በዓል ደርሶ፣ የኛው መቺ ታሞብን።"