«እዚህ» ማለት የት ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት... መሃል ከተማ፣ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የሐዋሳ ፕሮግራመሮች ተሰብስበን ነበር። የዕለቱ ተናጋሪ እኔ ነኝ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሸሚዜን ሁለቴ ነው የተኮስኩት።

የማቀርበው ለአንድ ጤና ጣቢያ የሠራሁትን ፕሮግራም ነው። የልጃቸው የክትባት ቀን ሲደርስ ለእናቶች በስልክ መልእክት ይልካል። ስክሪኑን በኮድ ሞላሁትና ጀመርኩ።

«እንደምታዩት እዚህ ጋ ይቀበላል... ከዚያ እዚህ ይመጣል... ይሄኛው ደግሞ ወደዚህ ይልከዋል...»

ግማሹ ሰው ስልኩን ይነካካል። አንዱ አፉን ከፍቶ ያዛጋል።

ከፊት የተቀመጠች ሴት እጇን አወጣች። «ይቅርታ ወንድሜ፣ እዚህ ማለት የት ነው?»

የምታሾፍብኝ መሰለኝ። «ፊት ለፊትሽ ነዋ!» አልኳት ቆጣ ብዬ።

«እኔ አላይም» አለች ረጋ ብላ።

ጉልበቷ ላይ የታጠፈውን ነጭ ዘንግ ያየሁት ያኔ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ...

ይቅርታ ጠየቅኳት። «ችግር የለም» አለችኝ፤ «ዝም ብለህ በአፍህ ንገረኝ። ማን፣ ለማን፣ ምን እንደሚሰጥ።»

ፊቴን ከስክሪኑ ወደ ሰዉ አዞርኩ። «እሺ... አንዲት እናት ነሐሴ ላይ ልጇን ታስከትባለች። ነርሷ ቀኑን ትመዘግባለች። ፕሮግራሙ ከዚያ ቀን ተነስቶ የሚቀጥለው ክትባት መቼ እንደሆነ ይቆጥራል...» ስልኮቹ አንድ በአንድ ኪስ ሲገቡ አየሁ። የሚያዛጋውም ቀና አለ።

«አቆጣጠሩን አንብብልኝ» አለችኝ።

«ወር ሠላሳ ቀን ነው። ሠላሳ ሲሞላ ወደሚቀጥለው ወር እለፍ። አሥራ ሁለተኛው ወር ሲያልቅ ወደ መስከረም ተመለስ።»

ራሷን ዘንበል አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ...

«ጳጉሜን የት ጣልካት?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። መስከረም ላይ አንዳንድ እናቶች ልጆቻቸውን ከቀናቸው አምስት ቀን አዘግይተው አምጥተው ነበር። «የኔትወርክ ችግር ነው» ብዬ ነርሶቹን ያሳመንኳቸው እኔው ነኝ። ያንን ኮድ እኔ ስንቴ አይቼዋለሁ! ጓደኞቼም አይተውታል። እሷ አንዴ ሰማችው፤ በቃ።

ሲያልቅ ሄጄ ተዋወቅኳት። ምህረት ትባላለች። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ አንድ ቢሮ ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ናት። ፕሮግራም መጻፍ የተማረችው ለብቻዋ ነው፤ ኮምፒውተሩ ጽሑፉን ድምፅ አውጥቶ ያነብላታል። የጆሮ ማዳመጫዋን ሰጥታ አሰማችኝ። ከፍጥነቱ የተነሳ አንዲት ቃል አልያዝኩም።

«ለአንተ ብዬ እኮ ቀስ አድርጌዋለሁ» አለችኝ ፈገግ ብላ።

ሰኞ ጠዋት ኮዱን አስተካከልኩ። ለነርሶቹም ጥፋቱ የኔ እንደነበር ነገርኳቸው፤ ቀላል አልነበረም።

አሁን ንግግር የምለማመደው ዓይኔን ጨፍኜ ነው... ባለቤቴ እየጸለይኩ መስሏት ሬዲዮውን ትቀንስልኛለች።