የግራው ወንበር

እንየው ሚስት ለመምረጥ አንድ ከሰዓት በኋላ በቅቶት ነበር። መኪና ለመምረጥ ግን ከፋሲካ እስከ መስቀል ፈጀ። ብርቅነሽ ይህን የምታነሳው ሲያናድዳት ብቻ ነው፤ ስለዚህ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ታነሳዋለች።

ሥራው ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። ሐርጌሳ ውስጥ እሱ ያነጠፈው የሆቴል መታጠቢያ ቤት ብዙ ነው፤ በርበራም ቡርኦም አለ። የሚኖረው ዳሚ በተባለ የድሆች ሰፈር ነው፣ አርዶ ከምትባል ሴት ግቢ በተከራየው ሁለት ክፍል። ሚስቱ ጋአን ሊባህ ሰፈር ለአንድ ነጋዴ ቤተሰብ ምግብ ታበስላለች። ሁለት ልጆች አሏቸው። ልጅ ለማቁረብም ሆነ የንስሐ አባት ለማግኘት ድንበር መሻገር ግድ ነው፤ ሐርጌሳ ውስጥ የእነሱ ቤተ ክርስቲያን የለም። በየበዓሉ ድንበሩ ላይ ወዳለችው ቶጎ ውጫሌ ይሄዱ ነበር፤ በተከራዩት ወንበር፣ ልጅ ጉልበት ላይ፣ የሰው ክርን ጎድን ውስጥ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የትውልድ አገሩ የቆቦ ስልክ ተቋረጠ። ከሰሜን የሸሸ ዘመድ በደሴ፣ በደብረ ብርሃን፣ በድሬዳዋ እያለ ወደ ድንበሩ መንጠባጠብ ጀመረ። የመጣውን ሁሉ የሚቀበለው እንየው ነው፤ ከቤተሰቡ ውጭ አገር ያለ ሰው እሱ ብቻ ነዋ። «ውጭ አገር» ማለት ዳሚ መሆኑን ለዘመዶቹ በደንብ አስረድቶ አያውቅም።

«የቤተሰብ መኪና ያስፈልገናል» አለ። ብርቅነሽ «የትኛው ቤተሰብ?» አለችው።

መጀመሪያ ያማከረው ሲሳይን ነው። ሲሳይ የአንድ እርዳታ ድርጅት የሎጂስቲክስ ኦፊሰር ነው፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር የሚኖር፤ እንየው መታጠቢያ ቤቱን ሲያነጥፍለት ነው የተዋወቁት።

«የፈለግከውን ግዛ፣ የቀኝ መሪ ግን እንዳትገዛ» አለው ሲሳይ። «እዚህ አገር የሚነዳው በቀኝ በኩል ነው። መሪህ ደግሞ በቀኝ ከሆነ፣ ከፊትህ ከባድ መኪና ሲኖር ምን ይታይሃል? የከባድ መኪናው ቂጥ። ለመቅደም ስትወጣ ከፊት የሚመጣውን የምታየው ከገጨህ በኋላ ነው።»

«ከተማው ሙሉ የቀኝ መሪ ነው እኮ፣ አቶ ሲሳይ።»

«ከተማው ሙሉ ገደል ቢገባ አብረህ ትገባለህ?»

እንየው ነገሩ ገባው። የግራ መሪ መኪና ዋጋ ሲነገረው ግን የገባው ወጣ።

ቀጥሎ የጠየቀው አርዶን ነው። አርዶ ስልሳ ያለፋት የቤት አከራይ ናት። ሐርጌሳ ከአየር ስትደበደብ ወደ ኢትዮጵያ ሸሽታ፣ ሐርታ ሼክ መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ዓመታት ኖራ፣ አማርኛ ይዛ ተመልሳለች።

«ባሌ ጥሩ የቤት መኪና ነበረው» አለችው። «ነጭ። በየቀኑ ያጥበዋል። የአውሮፕላኑ ድምፅ ሲመጣ አሥራ አንድ ነበርን፣ ወንበሩ አራት። ማን ይቅር ብለን ተከራከርን። ወላሂ፣ እስክንስማማ ጣሪያው ወረደ። በኋላ የውኃ ቦቴ ላይ ተንጠልጥለን ወጣን።»

«መኪናውስ?»

«እዚያው ቀረ። ታጥቦ።» አርዶ ሳቀች። «ስለ ሞተሩ አትጠይቅ። ወንበር ቁጠር። እኛ ወደ እናንተ ስንሸሽ ወንበር አነሰን፤ አሁን እናንተ ወደ እኛ ስትመጡ አይነስህ።»

እንየው ወንበር ቆጠረ። ከተማውን የሞላችው ትንሿ ቪትዝ ቀረች፤ ባለ አምስት ናት። ኖህ የተባለ ባለ ስምንት ወንበር መኪና ገዛ፣ ያገለገለ፣ ከዱባይ በበርበራ የገባ፣ መሪው በቀኝ። ብርቅነሽን አልጠየቃትም። የሰማችው ግቢው በር ላይ ጥሩንባ ሲነፋ ነው። ወጥታ መኪናውን ዞረችው፣ ጎማውን በጫማዋ ነካ አደረገች፣ «ቀለሙን ማን መረጠው?» ብላ ተመልሳ ገባች።

በመጀመሪያው የቶጎ ውጫሌ ጉዞ ሲሳይ ያለው ደረሰ። ገቢሌ ከተማን ሳያልፉ ከአንድ የጭድ መኪና ኋላ ገቡ። እንየው ወደ ግራ ወጣ ለማለት ሞከረ፤ ምንም አይታየውም። እንደገና ሞከረ። በግራ ጋቢና የተቀመጠችው ብርቅነሽ «ቆይ!» አለች። ቆየ። አንድ የስንዴ መኪና እንደ ነፋስ አለፈ። «አሁን ግባ» አለች። ገባ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥርዓቱ ይኸው ሆነ። ከተማው ውስጥ እንየው ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሚስቱን አያማክራትም፣ የደመወዙን መጠን አይነግራትም፣ የምትመክረውን አይሰማም። ከከተማው ሲወጡ ግን ያለ እሷ ቃል መሪ አያዞርም። «እንዴት ነው?» ይላል፣ ዓይኑን ከፊቱ ሳይነቅል። «ቆይ» ትላለች። ይቆያል። አንዳንዴ መንገዱ ባዶ ሆኖም «ቆይ» ትለዋለች። ለዚያ ምክንያት አልነበራትም፤ ደስ ይላታል።

የእንየው እናት ወይዘሮ ፅጌ በኅዳር መጡ። ከዚያ በፊት ድሬዳዋ፣ የወንድማቸው ልጅ ቤት አርፈው ነበር። የልጁ ሚስት በአክብሮት «እርስዎ ምንም አይንኩ፣ አርፈው ይቀመጡ» አለቻቸው። ጥቂት ቀን አርፈው ተቀመጡ፤ ከዚያ ዘንቢላቸውን አንስተው ወደ ቆቦ የሚመለስ መኪና ፍለጋ መናኸሪያ ወጡ። ያኔ በዚያ መንገድ የሚሄደው ታንክ ነበር። ጎረቤቶች ለምነው መለሷቸው። ለእንየው በስልክ ያሉት አጭር ነው፦ «እመጣለሁ። ዕቃ ካደረጋችሁኝ ግን እመለሳለሁ።» እንየው እናቱን ያውቃል፤ ያሉትን ያደርጋሉ።

የኢትዮጵያ ኬላ የቀኝ መሪ ስለማያሳልፍ እነ እንየው መኪናውን ከድንበሩ ወዲህ አቁመው፣ በእግር ተሻግረው ጠበቋቸው። ወይዘሮ ፅጌ ከአውቶቡስ ወርደው ዘንቢላቸውን የያዘላቸውን ተሸካሚ አንገት አቅፈው አለቀሱ።

«እንየው ልጄ! ምነው እንዲህ ከሳህ!»

ተሸካሚው ጨዋ ሰው ነበር፤ እስኪጨርሱ ቆመላቸው።

«እማ፣ እኔ እዚህ ነኝ» አለ እንየው።

ወይዘሮ ፅጌ የሰውየውን አንገት ለቀቁ። «ፀሐዩ ነው» አሉ። ሰማዩ ደመና ነበር። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ተጋርዷል፤ ከቅርብ ለሚያያቸው ግልጽ ነው።

መኪናው ጋ ሲደርሱ ብርቅነሽ የመሐሉን በር ከፈተችላቸው። ሰፊው ወንበር እሱ ነው፣ ትራስም አዘጋጅታለች። ወይዘሮ ፅጌ ግን በእጃቸው የመኪናውን ጎን እየዳበሱ ወደ ፊት ሄዱና የፊቱን በር እጀታ ያዙ።

«ጋቢና የማን ነው?»

ትልቅ ሰው ባለበት ጋቢና የትልቅ ሰው ነው። በእነሱ አገር የአውቶቡስ ረዳት እንኳ ይህን ያውቃል። እንየው ብርቅነሽን አየ። ብርቅነሽ የእናቱን ዓይን፣ ከዚያ ዘንቢሉን አየች።

«የእርስዎ ነው እንጂ፣ እማማ» አለች።

ወጡ። ብዙም ሳይሄዱ ሽንኩርት ከጫነ አይሱዙ ኋላ ገቡ። አይሱዙው ያዘግማል፣ ሽንኩርቱ ይሸታል። እንየው ከልማድ ወደ ግራ «እንዴት ነው?» አለ።

«ምኑ?» አሉ ወይዘሮ ፅጌ።

«ምንም፣ እማ። መንገዱን ማለቴ ነው። ከፊት መኪና ይመጣ እንደሆን…»

ሴትዮዋ ቀና አሉ። ከቤታቸው ከወጡ ጀምሮ አንድ ነገር የጠየቃቸው ሰው ይህ የመጀመሪያው ነው። ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አስጠጉ።

«ባዶ ነው። ግባ ልጄ።»

የእናት ቃል ነው። ገባ።

ብርቅነሽ ከኋላ ጮኸች። እንየው መሪውን መለሰ። ከፊት የመጣ የስንዴ መኪና የጎን መስታወታቸውን ለጥቂት ስቶ፣ ጥሩንባውን እየነፋ ወደ ኢትዮጵያ አለፈ፤ ጎኑ ላይ የእርዳታ ምልክት ነበረው።

«ምን ሆናችሁ?» አሉ ወይዘሮ ፅጌ። «ባዶ ነው እኮ አልኩህ። ለምን ተመለስክ?»

እንየው አይሱዙውን ተከትሎ በሽንኩርት ሽታ ውስጥ ሄደ። ኋላቸው የተሰለፉት የጫት መኪኖች እያጓሩ አንድ በአንድ ቀደሟቸው፤ አንዱ ሾፌር እጁን አውጥቶ ሰደበው። እንዲህ ከሄዱ መሽቶ ይደርሳሉ። እናቱን ውረጂ ማለት ደግሞ አይቻልም። ወደ ኋላ ወንበር ይሂዱ ካሏቸው የሚቀጥለው ዘንቢል ማንሳት ነው።

ብርቅነሽ ሴት ልጇን ወደ ቀኝ ገፋ አድርጋ በግራ መስኮት በኩል ተጠጋች። መስታወቱን አወረደች፤ ነጠላዋን አጣፍታ አንገቷን ወደ ውጭ አወጣች። ቀኝ እጇን ደግሞ ከአማቷ ወንበር ጀርባ አሳልፋ የባሏ ትከሻ ላይ አኖረች። ጫን አደረገችው። እንየው ገባው።

«አሁንስ፣ እማ?» አለ፣ ለሙከራ።

«ባዶ ነው፤ ግባ!»

የብርቅነሽ እጅ ትከሻው ላይ ነው። «እሺ እማ» አለና አልገባም። አንድ ቦቴ አለፈ። የብርቅነሽ እጅ ተነሳ። ገባ። አይሱዙው ኋላ ቀረ፣ ንጹሕ አየር ገባ።

«አየህ?» አሉ ወይዘሮ ፅጌ። «ቶሎ አትሰማም እንጂ! ልክ እንደ አባትህ።»

ሐርጌሳ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሱ። ወይዘሮ ፅጌ ከመኪናው ሲወርዱ ለአርዶ የነገሯት የመጀመሪያ ነገር ስለ ጦርነቱ አልነበረም። «ልጄ መንዳት ይችላል፤ ግን መሪ ያስፈልገዋል» አሏት።

ከዚያ ወዲህ ጉዞ ያለ እሳቸው የለም። በዓል ሲሆን ይሄዳሉ። የእህታቸው ልጅ ዳግማዊት ከደሴ ሸሽታ ስትመጣ ሊቀበሏት ሄደው፣ በመንገድ ላይ ለዳግማዊት እንዴት እንደሚቀደም አስረዷት። ዳግማዊት ከኋላ የብርቅነሽን የተዘረጋ እጅ አየች፣ በመስኮት የወጣ አንገቷን አየች፤ ጦርነት አይታ ለመጣች ሴት ይህ ቀላል ነው። እንየው አንድ ቀን የዓይን ሐኪም ሲያነሳ «ዓይኔ ምን ሆነና?» አሉት። ቀጥለው «ሳላይ ነው እንዴ የምመራህ?» ሲሉት ነገሩን ተወው። ስለ መመለስ ግን ማንሳት ትተዋል። ዘንቢሉ ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይዟል።

ብርቅነሽ ከጉዞ ስትመለስ አንገቷ አይዞርላትም።

በጥር ሲሳይ ወደ ናይሮቢ እንዲዛወር ታዘዘ። የገዛ መኪናውን እያሽከረከረ ዳሚ መጣ። ባለ ስምንት ወንበር፣ ጠንካራ፣ መሪው በግራ።

«ላንተ ብዬ ነው» አለ። «ኖህህን ሽጥና ገንዘቡን ስጠኝ፣ የቀረውን ቀስ ብለህ ትልክልኛለህ። ከዚህ የተሻለ የቤተሰብ መኪና አታገኝም።»

እውነቱን ነበር። እንየው መሪውን ያዘ፤ መንገዱ ወለል ብሎ ታየው። ማንንም ሳይጠይቅ ሊቀድም ይችላል። ፊቱ በራ። ቤተሰቡ ተጠርቶ ወጣ። ወይዘሮ ፅጌ መኪናውን በእጃቸው ዳበሱ።

«መሪው የት ነው?»

«በግራ ነው፣ እማ።»

«እኔስ?»

«አንቺ በቀኝ ጋቢና። እንዴት እንደሚመች ብታይ!»

«ከዚያ ሆኜ ምን አይልሃለሁ?»

«ምንም። ከእንግዲህ ማንም አያስቸግርሽም። አርፈሽ ትቀመጫለሽ።»

ቃሉ ካፉ ወጣ። ወይዘሮ ፅጌ «ጥሩ ነው» አሉና ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ቤት ገቡ። ከበሩ ኋላ ዘንቢሉ ከሚስማሩ ሲወርድ ተሰማ።

እንየው ሰምቷል። ግን መሪው እጁ ላይ ነው፣ መንገዱ ዓይኑ ላይ ነው። «ትለምደዋለች» አለ። እጁን ለሲሳይ ዘረጋ።

ብርቅነሽ በሩን አየች። መኪናውን አየች። የግራውን ወንበር አየች፤ ባሏ ተደላድሎ ተቀምጦበታል።

«ቆይ» አለች።

የእንየው እጅ አየር ላይ ቆመ። ለምን እንደቆመ እሱም አላወቀም።

«ነዳጅ ይበላል» አለች ብርቅነሽ።

«ኧረ እህቴ፣ ልዩነቱ ትንሽ ነው» አለ ሲሳይ። «እንዲያውም ላስላልሽ…»

«ይበላል አልኩ፣ አቶ ሲሳይ። እማማ! እሑድ ቶጎ ውጫሌ የሚመጣ ሰው አለ፤ በኖህ ነው የምንሄደው። ተዘጋጁ!»

ከቤቱ ውስጥ «ማነው የሚመጣው?» አሉ ወይዘሮ ፅጌ።

የሚመጣ ሰው እንደሌለ ብርቅነሽ ታውቃለች። በዚያ ወር ግን እሑድ ድረስ አንድ ሰው መምጣቱ አይቀርም ነበር።

ሲሳይ እንየውን አየ። እንየው ከመሪው ወረደ።

መኪናውን አንድ የበርበራ ነጋዴ ገዛው፤ ብቻውን ነው የሚሄድበት። እሑድ ኖህ ከገቢሌ ወዲያ ከአንድ የፍየል መኪና ኋላ ገባ። ብርቅነሽ አንገቷን አወጣች።

«ባዶ ነው» አሉ ወይዘሮ ፅጌ። «ግባ ልጄ!»

«እሺ እማ» አለ እንየው፤ ትከሻው ላይ ያለው እጅ እስኪነሳ ጠበቀ።